ቢጫ የሚለቅሙ ዶሮዎች

«እኔ አላልኩም፤ ዐይኔ ነው ያለው» ብላ ጀመረች ጎረቤቲቱ፣ አንድ እግሯን ወፍጮ ቤት አስገብታ ሌላውን ደጅ እንዳስቀረች። «የእትዬ ጎተራ ዶሮዎች ቢጫ በቆሎ ሲለቅሙ አየሁ። ቢጫ! የእንቁላል አስኳል የመሰለ! ከፈለግሽ ልማልልሽ።»

ይቺን ጎረቤት ሰፈሩ «መስኮት» ይላታል። ጭንቅላቷ ከመስኮት ገብቶ ስለማያውቅ ነው። ልጆቿን ያሳደገችው ከመስኮት ሆና ነው፤ ባሏን የምትቆጣው ከመስኮት ሆና ነው፤ ሽንኩርት እንኳ ስትልጥ ልጣጩ ደጅ ነው የሚወድቀው። ክፋት የለባትም። ወሬ ሆዷ ውስጥ ካደረ ግን ቁርጠት ይይዛታል።

ባለወፍጮዋ ማሽኑን አላጠፋችም። እሷ ደግሞ ከወፍጮ ጋር ስትጯጯህ ኖራ ኖራ ድምፅ መቀነስ የሚባል ነገር ጠፍቶባታል፤ ማታ ቤቷ ቁጭ ብላ «ጨው አቀብሉኝ» ስትል ሦስተኛው ቤት ድረስ ጨው ፍለጋ ይነሳል። እንዲህ የምትጮህ ሴት ምስጢር ትይዛለች ብሎ ማን ያምናል? ግን እስከዛሬ ከአፏ የወጣ የሰው ጉድ የለም። «እህል ይነቅዛል፣ ዝም አይነቅዝም» ነው የምትለው። ወፍጮ ቤቷ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ ትልቁ መንገድ፣ አንዱ ወደ ጓሮ። በየትኛው በር ማን ምን ይዞ እንደገባ ጠይቋት፤ ወፍጮው ሊነግራችሁ ይችላል፣ እሷ ግን አትነግራችሁም።

«ሰማሽኝ?» አለች መስኮት።

«ሰምቻለሁ!» አለች ባለወፍጮዋ፤ ዱቄቱ ከጣሪያ ረገፈ።

«ዘር መስጫው ቀን ቀርቧል። አንድ ነገር መደረግ አለበት» ብላ መስኮት ወጣች። የወጣችው እንደ ልማዷ በጓሮ በር ነው።

ይሄ ወሬ ምኑ ነው የሚያስሮጠው የሚል ካለ ያዳምጥ። እትዬ ጎተራ ስሟ የወጣላት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ወገቧ ነው፤ እሱን ራሷም አትክደውም። ሁለተኛው ዘር ነው። ከእናቷ የወረሰችው ነጭ በቆሎ አላት፤ ፍሬው ደንደን ያለ፣ ዱቄቱ ወተት የመሰለ፣ አኩራፊ ልጅ እንኳ «ጨምሪልኝ» የሚልለት። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ዘር የሚወስደው ከሷ ነው። አትሸጥም። ትሰጣለች፤ ሲደርስ ይመልሱላታል። አመራረጧም የራሷ ነው። ከዛላው ጫፍና ግርጌ ያለውን ፍሬ ለዶሮ ትበትናለች፤ ለዘር የምታስቀረው የመሀሉን ብቻ ነው። «ጫፉ ችኩል ነው፣ ግርጌው ሰነፍ ነው፣ መሀሉ ሰው ነው» ትላለች።

ታዲያ ልጇ ቢጫውን ልውጥ በቆሎ መዝራት የጀመረ ጊዜ፣ እሷው ናት ሰው በተሰበሰበበት «ቢጫ ፍሬ ደጄን ከረገጠ ጥርሴ ይርገፍ» ብላ የማለችው። ዶሮዎቿ ያንን መሐላ አልሰሙም መሰለኝ።

ባለወፍጮዋ ወፍጮውን ዘግታ በቀጥታ ወደ ጓደኛዋ ሄደች። እትዬ ጎተራ ጓዳ ውስጥ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ መሀል ትሪ፣ ዙሪያዋን የበቆሎ ዛላ። መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ወርዷል። በአውራ ጣቷ ጥፍር አንድ አንድ ፍሬ እየነቀለች ወደ ጎን ትጥላለች።

«ሴትዮ!» አለች ባለወፍጮዋ።

«ቀስ በይ! ጎረቤት አለ።»

«ጎረቤትማ አይታሻለች።»

«ምኑን ነው ያየችው?»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ቢጫውን ነዋ!»

እትዬ ጎተራ የያዘችውን ዛላ ሰጠቻት። ነጭ ነው፤ ድርድሩ የሚያምር። ግን እዚህ ጋ አንድ፣ እዚያ ጋ ሁለት፣ ቢጫ ፍሬ ተሰንቅሮበታል፤ ልክ አዲስ ሀብታም ነጭ ጥርሱ መሀል ወርቅ አስገብቶ እንደሚገለፍጥ። እሱም ከጫፍ ወይ ከግርጌ ቢሆን ምን ነበር? መሀሉ ላይ።

«ሁሉም እንዲህ ነው?»

«ሁሉም አይደለም። የሚበዛው።»

ባለወፍጮዋ ፍሬው የተፈለፈለ ቆረቆንዳ የሞላበት ከረጢት ላይ ተቀመጠች። «ልጅሽ ኋላ ነበር አይደል የዘራው? አንቺ ቀድመሽ፣ እሱ ዘግይቶ፣ አበባው እንዳይገናኝ ብላችሁ አልነበር?»

«ነፋስ ነው» አለች እትዬ ጎተራ፣ ቀና ሳትል። «ነፋስ ምን ይደረጋል?»

ነፋስ አፍ የለው፤ ቢሰድቡት አይመልስ። ባለወፍጮዋ ጓደኛዋን በጎን አየቻትና ነጠላዋን አራግፋ ተነሳች።

እውነቱ ሌላ ነበር።

ልጇ በፊት መድኃኒት ረጪ ነበር። ትል የገባበትን የሰፈሩን በቆሎ ሁሉ የሚረጨው እሱ ነው፤ ታንከሩን ጀርባው ላይ አዝሎ፣ አፉን በጨርቅ አስሮ፣ ከአንዱ ማሳ ወጥቶ ወደ ሌላው። ማታ ሲገባ ሸሚዙ ይሸታል፤ እናቱ ልብሱን ለብቻ ታጥባለች፤ ያጠበችበት ውሃ የፈሰሰበት ሣር ይደርቃል። ሣሩን እያየች ስለ ልጇ ሳንባ ሳታስብ ቀርታ አይደለም። ግን ትል ዝም ብሎ አይታይም፤ ሰውም «ና እርጭልኝ» ማለቱን አልተወም። በኋላ ሳል ጀመረው። ደረቅ ሳል፣ ዳገት ሲወጣ፣ ሲስቅ፣ ሲተኛ። ሐኪሙ «ያንን ታንከር ካዘለ ሁለተኛ ወደኔ እንዳታመጡት፤ የምሠራለት የለኝም» አለ።

ይሄኔ ነው ቢጫው የመጣው። ትሉ ቅጠሉን ይቀምሳል፣ እዚያው ይደርቃል፤ ርጭት የለም። የእርሻ ባለሙያዋ ቤታቸው መጥታ አስረዳች፤ አፈር ውስጥ ከሚኖር በዓይን ከማይታይ ነፍስ ካለው ነገር ቆንጥረው ነው በቆሎው ውስጥ የከተቱት፤ ልውጥ የተባለውም ለዚያ ነው አለች።

«በቆሎን ከአፈር ጋር ማን ዳራቸው?» አለች እትዬ ጎተራ። «ቤተሰብ ተጠይቋል?»

ባለሙያዋ ሳቀች፤ እትዬ ጎተራ ግን አልሳቀችም። ይሄ ዘር በየዓመቱ ከሱቅ ነው የሚመጣው። የራስህን ካስቀረህና መልሰህ ከዘራህ አንዱ ረጅም አንዱ ድንክ ሆኖ ይወጣል፤ ደግሞም አትዝራ ተብሏል። ባለፈው ጊዜ ሱቁ ዘሩን ሲያዘገይ ማሳውን አርሶ፣ እጁን አጣጥፎ፣ ደመና እያየ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አይታለች። «ዘሩን ከሱቅ የሚያመጣ ገበሬ፣ ሚስቱን ተከራይቶ የሚኖር ነው» አለችው ልጇን። «ባለቤቷ በፈለገ ቀን ይወስዳታል።» ባለሙያዋ ደግሞ ትሉ መርዙን እንዳይለምደው ዳር ዳሩን የድሮውን በቆሎ ዝሩ ብላ ጨመረችበት። «ለትልም ድርሻ ተቆረጠለት?» አለች እትዬ ጎተራ።

«እማዬ» አለ ልጇ፣ «ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ግን መተንፈስ እፈልጋለሁ።»

እዚህ ላይ ምን ይባላል? ታንከሩ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እሷ በመጀመሪያው ዝናብ እንድትዘራ፣ እሱ ከዚያ አንድ ወር ቆጥሮ እንዲዘራ ተስማሙ። ዝናብ እያየ መጠበቅ ለገበሬ ቀላል አይደለም፤ ልጇ ግን ጠበቀ።

ታዲያ ዘንድሮ ምን ሆነ? ጣሪያዋ አፈሰሰ። አፍስሶም የጠብታው መውደቂያ በትክክል የዘር ሳጥኑ ላይ ነው። ዘሩ ረጥቦ፣ አብጦ፣ ውስጥ ውስጡን ሞተ። እሷም ሳታውቅ ዘራችው። ማሳው ላይ አንድ ቅጠል አልወጣም። የእትዬ ጎተራ ዘር አልበቀለም! ይሄ ከሚባል መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። አልጋዋ ስር ባለው ቆርቆሮ የደበቀችው የክፉ ቀን ዘር ነበራት፤ አንድ ማለዳ ሰው ሳይነሳ ብቻዋን ወጣች፣ መልሳ ዘራች፣ እጇን ታጥባ ገባች። ለማንም አልተናገረች። ለዚያ ነው የሷና የልጇ በቆሎ አብረው ያበቡት። ነፋሱማ የለመደውን ሥራ ነው የሠራው።

ጓደኛዋ እንደሄደች ልጇ ከረጢት ሊያነሳላት መጣ። ትሪውን አየ። ከጎን ከተከመረው ቢጫ አንድ ፍሬ አንስቶ በጣቶቹ መሀል አሽከረከረው።

«ነፋሱ ከባድ ነበር ዘንድሮ» አለ።

«ከባድ ነበር» አለች።

«የአንቺ በቆሎ ግን መጀመሪያ ላይ አጠር ብሎብኝ ነበር። አልፌ ሳየው።»

«አፈሩ ነው።»

«አዎ፣ አፈሩ ይሆናል።» ፍሬውን ኪሱ ከተተው። ከረጢቱን ሲያነሳ ሳሉ መጣበት፤ ግድግዳ ይዞ ቆመ። እትዬ ጎተራ ጥፍሯ ዛላው ላይ እንደተተከለ ቀረ። ማወቁን አወቀች። ማወቋንም አወቀ። እናትና ልጅ በአንድ ጓዳ ውስጥ ውሸት ተካፍለው ተለያዩ።

ዘር መስጫው ቀን ደረሰ። ሴቶቹ ከረጢታቸውን ይዘው ገቡ። ሌላ ጊዜ ሲሆን ጓዳው በሳቅ ይሞላል፤ የማን ልጅ ማንን አጨ፣ የማን ባል ሰክሮ የማንን በር አንኳኳ ይባላል። ዛሬ ግን ከረጢት በጉያ ይዞ ግድግዳ መደገፍ ነው። ትሉ ዘንድሮ የሰፈሩን ነጭ በቆሎ ክፉኛ ነው የጎዳው፤ ረጪው ታንከሩን ከሰቀለ ወዲህ ማን ይርጭ? የእትዬ ጎተራ የተረፈው ትንሽ ማሳ ስለሆነና ትሉን በእጇ እየለቀመች ስለጨፈለቀችው ነው። ልጇ በሩ አጠገብ ቆሟል። ባለወፍጮዋ ጥግ ተቀምጣለች።

መስኮት መሀል ወጣችና ቢጫ ፍሬ የያዘ መዳፏን ዘረጋች። «ይኸው። ከዶሮ አፍ ነጥቄ ነው ያመጣሁት።»

«የዶሮዋ ምሳ ነበር እኮ» አለች እትዬ ጎተራ።

«አይቀልዱ እትዬ! መሐላስ?»

«ጥርሴን ቁጠሪው፤ ግማሹ ረግፏል።»

ማንም አልሳቀም። ዳቦ ጋጋሪዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔ ደንበኛ አለኝ እትዬ። ዳቦው ትንሽ ቢጫ ካለ ‹ልውጡን ልታበይን ነው› ብለው ጥለውት ይሄዳሉ።»

«ልጅ ያስቀራል ይላሉ» አለች የልብስ ሰፊው ሚስት፣ አንዱን አዝላ፣ አንዱን በእጇ ይዛ፣ ሌላው ቀሚሷን እየጎተተ።

«ማነው ያለው?»

«ይላሉ ነው እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ!»

«አንቺ እንኳ ትንሽ ቢቀርብሽ አይከፋም ነበር» አለች እትዬ ጎተራ፤ ድምጿ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ነገሩን በቀልድ አይሸፍኑት!» አለች መስኮት። «እርስዎ ዘር ጠባቂ ነዎት። እኛ ነጭ ብለን ወስደን ከርሞ ቢጫ ብናጭድ ማንን እንጠይቃለን? ባለሱቁ መጥቶ ‹የኔን ዘር ሰርቃችሁ ዘራችሁ› ቢለንስ? ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይነገረን!»

«የኔ ነው» አለ ልጁ ከበሩ።

ሁሉም ዞሩ።

«ቀድሜ ዘራሁ። ዝናቡ እንዳያመልጠኝ ጓጓሁና ቀን አልጠበቅሁም። እማዬ የለችበትም።» ዐይኑ ወለሉ ላይ ነው። «ከርሞ ቢጫ አልዘራም።»

«ትሉንስ?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

«ታንከሩ ግድግዳው ላይ አለ።»

«ይኸው! ሰው ማለት እንዲህ ነው!» አለች መስኮት እጇን አጨብጭባ። «ለኛም እንደ ድሮህ ትረጭልናለህ፤ ሁሉም ቦታ ቦታው ይመለሳል!»

ልጁ ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ የመጣው ግን ሳል ነው። ጎንበስ አለ። ሳሉ አላቋርጥ አለው፤ ሴቶቹ ወደ ከረጢታቸው አቀረቀሩ። እትዬ ጎተራ የልጇን ጀርባ አየች፤ ታንከሩ የሚታዘልበትን ቦታ፣ ማሰሪያው ሸሚዙን በልቶ ያሳሳውን መስመር። ያ የደረቀው ሣር ትዝ አላት። ስሟን ልትጠብቅ በልጇ ትንፋሽ ልትከፍል ነው እንዴ? ከእናቷ የወረሰችው ስም ነው፤ የሚቀራት ሌላ ጌጥ የላትም። ግን ዘር ከልጓም ይስባል።

«ውሸቱን ነው» አለች።

«እማዬ...»

«አንተ ዝም በል። ውሸቱን ነው እንጂ ቀድሞ አልዘራም። በቃሉ መሠረት ጠብቆ ነው የዘራው። እኔ ነኝ ሁለቴ የዘራሁት። የመጀመሪያው አልበቀለልኝም። ጣሪያው አፍስሶ ዘሩ ሞቶ ነበር። አልበቀለም እንዳልባል በማለዳ ደብቄ መልሼ ዘራሁ። እንዲያ ነው የተገናኘው።»

ጓዳው በጩኸት ፈረሰ።

«አልበቀለም? የእርስዎ ዘር?»

«አምና የሰጡንስ እንዴት ነበር? የኔም ሳስቶ ነው የወጣው፣ እኔ አፈሩን ስረግም!»

«እኛ አምነን!»

«ጎተራው አፍስሷል በሉኛ!» አለች መስኮት። ይቺ ቃል ሰፈሩ ውስጥ ገና ዓመታት ትዞራለች።

እትዬ ጎተራ ስድቡን እንደ ዝናብ አሳለፈችው። ትሪውን ወደ መሀል ገፋች። «ቢጫውን በጥፍሬ ለቅሜ አውጥቻለሁ። ግን ጥፍር ላዩን ነው የሚያየው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ነጭ በለበሰው ውስጥ ምን እንደቀረ አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ንጹሑ አልጋዬ ስር ያለው የቆርቆሮው ትራፊ ነው፤ ለሁላችሁ አይበቃም። ወይ ይሄን ዝሩና የሚወጣውን እንይ፣ ወይ ያንን ትንሿን ለብቻዋ ራቅ አድርገን አባዝተን ከርሞ እስኪደርስ እንጠብቅ። ልጄ ግን ታንከር አያዝልም። ዘር ጠባቂ አይደለሽም በሉኝ፣ ዶሮ ጠባቂ በሉኝ፤ እሱ አያዝልም።»

«እስከ ከርሞ ምን እንዝራ ታዲያ?» አለች የልብስ ሰፊው ሚስት። መልስ ሲጠፋ ጩኸት ይበዛል። አንዷ ባለሙያዋ ትጠራ ትላለች፣ አንዷ ባለሙያዋ ራሷ ናት ያመጣችብን ትላለች። አንዷ ልጁ ያሳዝናል፣ አንዷ የኔ ልጅስ አያሳዝንም? ልጁ እናቱን ነበር የሚያየው፤ እሷ ግን እሱን አታየውም።

መስኮት በርጩማው ላይ ወጣች። «ሰማችሁ! እኔ አንድ ነገር ነው የማውቀው። ቢጫ ከዚህ ሰፈር ይጥፋ! የሚዘራውም ይጥፋ፣ የሚበላውም ይጥፋ! ለመሆኑ ከመሀላችን ቢጫ የምትበላ አለች? ካለች እጇን ታውጣ!»

እጅ አልወጣም። ዳቦ ጋጋሪዋ ጣሪያውን አየች። የልብስ ሰፊው ሚስት የልጇን አፍንጫ ጠረገች።

«አያችሁ? አንድም የለም! በድህነታችንም ቢሆን ነጭ ነው የምንበላው!»

ይሄኔ ባለወፍጮዋ ከጥጓ ተነሳች። ምንም ሳትል ከመስኮት ጉያ ከረጢቱን ሳብ አድርጋ ወሰደችው። ገለበጠችው፤ ስፌቱን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ከስፌቱ መሀል የደረቀ ዱቄት ወለሉ ላይ ረገፈ። እንደ አስኳል ቢጫ ነው። ሴቶቹ ሁሉ የየራሳቸውን ከረጢት ወደ ኋላቸው ሸሸጉ።

ባለወፍጮዋ ከረጢቱን አጣጥፋ ለባለቤቱ መለሰችላት። ከዚያም ሰፈሩ ከሷ ሰምቶት በማያውቀው ድምፅ፣ ዝቅ ባለ፣ የልጁ ትንፋሽ እንኳ ሊሸፍነው በሚችል ድምፅ፣ እንዲህ አለች፦

«እንግዲያው ነገ የጓሮ በሬን እቸነክረዋለሁ። ቢጫ የያዘች በፊት ለፊት ትምጣ።»

ደጅ፣ ዶሮዎቹ ሲለቅሙ ብቻ ይሰማ ነበር።